ኮሂኑር አፓ በከብት ተራ

ካሺምቶላ ውስጥ ኮሂኑር አፓን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ አውቆ የተደበቀ ነው። አፓ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ሴት መምህራንን ሁሉ የምንጠራው እንደዚያ ነው። እኔ ሎቅማን በዕድሜ አራት ዓመት እበልጣታለሁ፣ ግን እኔም አፓ ነው የምላት። ሻይ ቤቴ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትገባና ስትወጣ አይቻታለሁ። አርፍዳ የመጣችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሳትቆጣ የዋለችበትም ቀን ትዝ አይለኝም።

የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ናት። ከመንደራችን ሴቶች አሥረኛ ክፍልን በማለፍ የመጀመሪያዋ ናት። በወጣትነቷ ብስክሌት መንዳት ስትጀምር ሽማግሌዎች ተሰብስበው አባቷ ዘንድ ሄዱና «ልጅህን ከዚያ ነገር ላይ አውርዳት» አሉት። አባቷ መቅዘፊያውን እየጠረበ «እኔ አልቻልኩም፣ እስቲ እናንተ ሞክሩ» አላቸው። የሞከረ የለም። ባሏ በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት ሞተባት፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሰዉ «ከእንግዲህ ምን ይዛ ትኖራለች?» እያለ ሲያዝንላት፣ እሷ በየዓመቱ ጥር ሲገባ አርባ አዲስ ልጅ ትመዘግብ ነበር። በትልቁ ጎርፍ ጊዜ ውሃው እስከ ክፍሎቹ መስኮት ሲደርስ የአባቷን ጀልባ ከማንጎ ዛፍ ጋር አስራ ልጆቹን እዚያ ላይ አስተማረች። ይህቺ ሴት ትምህርት ቤት ዘግታ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች ብሎ ያሰበ ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ምን ነካው?

ግን ሐሰት አልናገርም፤ በሽታው የመጣ ጊዜ በሩን በገዛ እጇ የቆለፈችው እሷው ናት። የምትጠመጥማቸውን አሮጌ የሳሪ ልብሶቿን ቀዳ የአፍ መሸፈኛ ሰፋች፣ ቤት ለቤት እየዞረች አደለች። እኔን እንኳ ደንበኛ ስጨብጥ አይታ «ሎቅማን ባይ፣ ያንን እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት!» ብላ ከመንገድ ማዶ ጮኸችብኝ፤ ባይ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። ሻይ ቤቴ በዚያን ጊዜ ምክር ቤት መስሎ ነበር። ግማሹ «መንግሥት ከሞት አዳነን» ይላል፣ ግማሹ «በሽታው የሀብታም ነው፣ እኛን ምን አገባን» ይላል። አፓ ሁለቱንም ወገን ትሳደባለች። መንግሥት ሁለት ሳምንት ሲል አመነች፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ሲልም አመነች።

ከዚያ መራዘሙ ልማድ ሆነ። ሬድዮኑ «እስከዚህ ቀን ተራዝሟል» ይላል፤ ያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቀን ይጠራል። ልጆቹ በቴሌቪዥን ይማሩ ተባለ። በሰፈሩ ደህና ቴሌቪዥን ያለው እኔ ጋ ስለሆነ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ወለሉን ሞሉት። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጣና «ሰው ሰብስበሃል» ብሎ ሻይ ቤቴን ለሳምንት ዘጋው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በቴሌቪዥን ተማሩ ያለው መንግሥት፣ ቴሌቪዥን አያችሁ ብሎ የዘጋውም መንግሥት! የልብስ ፋብሪካዎቹ ተከፈቱ፣ የጡብ ምድጃዎቹ ተከፈቱ፣ ገበያው ተከፈተ፣ ሠርግ ተደገሰ። ዓመት ከአራት ወር ሲሞላ ተቆልፎ የቀረው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር።

አፓን ያስነሳት ግን ኢድሪስ ነው። ኢድሪስ ባለሦስት እግር የጭነት ብስክሌት እየገፋ የሚያድር ሰው ነው። እሱንም ያስተማረችው እሷ ናት፤ ሁለተኛ ክፍል ላይ አቋረጠ። አምስተኛ ክፍል የደረሰች ሺውሊ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለችው። አረፋ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ሻይ ቤቴ መጣና አፓ ከተቀመጠችበት አግዳሚ አጠገብ ቆመ።

«አፓ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለ። «ዋና ከተማው ዳካ ያሉት ዘመዶቻችን ለበዓል ይመጣሉ። ሺውሊን ይዘናት እንሂድ ብለውኛል። ሕፃን ትይዝላቸዋለች፣ ቤት ትጠርግላቸዋለች። የሚመለሱት በበዓሉ ማግስት ነው።»

«እምቢ በላቸዋ!»

«ምን ብዬ? እናቷ ጡብ ምድጃ ትውላለች፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ልጅቷ ብቻዋን ቤት ውስጥ ተዘግታ ትውላለች። ትምህርት አለባት እንዳልል ትምህርት የለም። ቀን ይስጡኝ አፓ። በዚህ ቀን ይከፈታል ይበሉኝና አልሰዳትም።»

አፓ ከመንገዱ ማዶ የተቆለፈውን በር አየች። ኢድሪስ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እሷም ሻይዋን ሳትነካው ተነስታ ሄደች።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ሰው በዓሉን ያክብር፣ ከብቱም ይሸጥ ብሎ፣ በሽታው ሲያገረሽ እንደገና የጣለውን የመንቀሳቀስ እገዳ ለስምንት ቀን ላላ አደረገው። በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን እገዳው እንደገና ሊጠብቅ ነው። ስለ ትምህርት ቤት አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። እንደየዓመቱም የትምህርት ቤታችን ሜዳ ለከብት ገበያ በጨረታ ተሰጠ፤ ኮንትራክተሩ የቀርከሃ ችካሎቹን በረድፍ በረድፍ ተከለ። በሩ ላይ «እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ ዝግ ነው፤ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ወረቀት ከአምና ጀምሮ እንደተለጠፈ ነው። ከጎኑ «ታላቁ የአረፋ ከብት ገበያ፤ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። አፓ ከብስክሌቷ ወርዳ ሁለቱንም ጮክ ብላ አነበበቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሎቅማን ባይ፣ በሁለት ኮርማ መካከል ስንት ክንድ ነው የሚተዉት?»

«አራት ክንድ። ከዚያ ካነሰ ይዋጋሉ።»

«መንግሥት ለሰው ስንት ነበር ያለው?»

«ሁለት።»

«ጎሽ» አለችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ሁኔታዋ አላማረኝም። «አፓ፣ ለጡረታሽ እኮ ሦስት ዓመት ነው የቀረሽ!» ብዬ ከኋላዋ ጮህኩ። የብስክሌቷን ደወል አቃጭላብኝ ሄደች።

የገበያው ዋና ቀን እሑድ ነበር። ማለዳ፣ ኮርማዎቹ ገና ከጀልባና ከጭነት መኪና እየወረዱ ሳሉ፣ አፓ ሠላሳ አንድ ልጆች በሰልፍ አስከትላ በዋናው በር ገባች። ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል፣ ሁሉም የሚቀመጡበት ጆንያ ይዘዋል። በአምስተኛ ክፍል ግድግዳ በኩል ያለውን ባዶ ረድፍ ያዘችና በየችካሉ ሥር አንድ አንድ ልጅ አስቀመጠች። ሺውሊ ከፊት ነበረች። አፓ ከቤቷ ያመጣችውን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ማባዛት ማስተማር ጀመረች።

ኮንትራክተሩ ሽርጡን ሰብስቦ እየሮጠ መጣ።

«አፓ! ምን እየሠሩ ነው? ይኼ እኮ የከብት ቦታ ነው!»

«ትናንት ለጸሐፊህ ሠላሳ አንድ ችካል ያዝልኝ ብዬው ይዞልኛል።»

«እሱ እኮ የኮርማ ነጋዴ ልኮዎት መስሎት ነው!»

«ምን ላድርግ? ልጅ ሆነው ቢመጡ በሩ ተዘጋባቸው። ኮርማ ሆነው ይግቡ ብዬ ነው።»

በአካባቢው ያለው ሰው ሳቀ። ከከተማ የመጣ አንድ ገዢ፣ መሸፈኛው አገጩ ላይ የወረደበት የፊት ጥርሱ የወለቀ ትንሽ ልጅ አየና እንደ ከብት አዋቂ ጎንበስ ብሎ አፉን መረመረው። «ይሄኛው ገና ጥርሱን አልጨረሰም፣ ለዘንድሮ እርድ አይደርስም» አለ።

«የእሱ ጥርስ ይበቅላል፤ አንተ ግን መሸፈኛ የለህምና አፍህን ዝጋ» አለችው አፓ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ኢድሪስ ለበዓሉ ሊሸጠው ሲቀልበው የከረመውን አንድ ኮርማ ይዞ ከማዶው ረድፍ ቆሟል። ልጁን ችካል ሥር ሲያያት ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ረፋዱ ላይ የወረዳው አስተዳዳሪ በሁለት ፖሊሶች ታጅቦ መጣ። ገና ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ጥርት ብሎ የተተኮሰ። በድምፅ ማጉያ «መሸፈኛ አድርጉ፣ ርቀት ጠብቁ» እያለ ሜዳውን ሲዞር ቆይቶ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገው።

«ማዳም፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ክፍል ነው፣ ሰር።»

«ትምህርት ቤት ዝግ መሆኑን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ አንዱንም ክፍል አልከፈትኩም። ሜዳውን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ገበያው በመመሪያ የተፈቀደ ነው። በርቀትና በጥንቃቄ።»

«ይለኩታ! እዚህ ሜዳ ላይ ርቀቱን የጠበቀ ኮርማና ልጅ ብቻ ነው። ሰዉን ይዩት፣ አንዱ በአንዱ ማጅራት ላይ ነው የሚያስነጥሰው።»

ሕዝቡ ከበባቸው። አንዱ «እውነቷን ነው!» ይላል፣ ሌላው «ክርክሩን ሌላ ቀን አድርጉት፣ ኮርማችንን እንሽጥበት!» ይላል። በዚህ መሃል ሞክሌስ ሰዉን ገፍቶ ወጣ። ሞክሌስ ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ በበሽታው ከሞተች ገና ሃያ ቀኗ ነው፤ የኦክስጅኑ ሲሊንደር ከከተማ የደረሰው ከቀበሯት በኋላ ነበር። ዐይኑ ደም መስሏል።

«አፓ፣ አንቺ ትምህርት ትያለሽ!» አለ። «እኔ ቤት ሞት ገብቷል። ልጅ ሳያስለው፣ ሳያተኩሰው ይዞት ይገባል። ለእናቱ ያመጣዋል፣ ለአያቱ ያመጣዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ባይማሩ ምን ይሆናሉ? ደንቆሮ ሆነው ይኑሩ፣ ብቻ ይኑሩ!»

በቃ፣ አበቃላት ብዬ ነበር። አፓ ጠመኔውን አስቀምጣ ፊቱ ቆመች።

«ሞክሌስ፣ ሌላው ሁሉ ሲሸሽ የሚስትህን ሬሳ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በሽታውን አታውቂውም አትለኝም። ያልከው ልክ ነው። አሁኑኑ ገበያውን ይዝጉት፣ ፋብሪካውንም ይዝጉት፣ ሠርጉንም ይዝጉት፤ ሰሌዳዬን ተሸክሜ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ። ያኔ ልጆቹም ከሁላችን ጋር ይታገሣሉ። ሁሉን ከፍቶ በእነሱ ላይ ብቻ መቆለፍ ግን የምን በሽታ መከላከል ነው? የሚጮህላቸው ስለሌለ ነው እንጂ!»

ሞክሌስ ወደ አስተዳዳሪው ዞረ።

«እንግዲያው ገበያውን ዝጉት» አለ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ዝጉታ!»

የኮንትራክተሩ ፊት አመድ መሰለ። ገበያው እንደማይዘጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስተዳዳሪውም ያውቃል።

«ይህ ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው» አለ።

«እሺ፣ ገበያው ይቅር» አለች አፓ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ትምህርት ቤት መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ከበላይ ነው የሚወሰነው።»

«የበላይ መቼ ይወስናል?»

«ሁኔታው ሲሻሻል።»

«ሁኔታው ሲሻሻል የሚባለው ቀን በየትኛው ወር ውስጥ ነው ያለው? እኔ ለዚያ ሰውዬ የምነግረው ቀን ነው የምፈልገው!» በጠመኔ በነጣ ጣቷ ኢድሪስን አመለከተች። «በበዓሉ ማግስት ይቺን ልጅ ለሰው ቤት ሥራ ሊሰዳት ነው። ቀን ከነገርኩት አይሰዳትም።»

አስተዳዳሪው ሺውሊን አያት። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያፈረ ይመስለኛል። ቢሆንም ያገኘው መልስ «አላውቅም» የሚል ብቻ ነበር።

«እርስዎ ካላወቁ እኔ እነግረዋለሁ» አለችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «ኢድሪስ! ቀን ፈልገህ አልነበር? የበዓሉ ማግስት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ እኔ ግቢ!»

«ማዳም፣ ሕግ እጥሳለሁ እያሉ ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት። እጽፍብዎታለሁ።»

«ይጻፉ። ኮሂኑር አክተር ነው ስሜ፤ ጸሐፊዎ ሁልጊዜ ያበላሸዋል፣ ይንገሩት።»

ልጆቹ ሳቁ፣ ሰዉም ሳቀ፤ አስተዳዳሪው ጥሎ ሄደ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። መጻፉ እንደማይቀር ታውቆኛል።

በበዓሉ ማግስት ዝናብ ያካፋ ነበር። ጉዱን ልይ ብዬ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዤ ግቢዋ ደረስኩ። ሞክሌስ ቀድሞኛል። ሊጣላ የመጣ መስሎኝ ክው አልኩ። እሱ ግን የልብስ ሰፊ ሜትሩን ይዞ በረንዳው ላይና ከፊቱ በተወጠረው ሸራ ሥር ጎንበስ ቀና እያለ በጆንያዎቹ መካከል ይለካል። «እዚህ ጋ አራት ጣት ጎድሏል» ብሎ አንዱን ጆንያ ጎተተው። አፓ ከጓዳ ወጥታ አየችውና የቀሩትን ጆንያዎች አመጣችለት። እኔ ፊቴን አዙሬ ዐይኔን ጠረግሁ።

ልጆቹ እየተንጠባጠቡ መጡ። ኢድሪስ ከሁሉም በኋላ ደረሰ። ሺውሊ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፣ የልብሷ ቦርሳ ግን በእሱ ትከሻ ላይ ነው። የዳካዎቹ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ መንገድ ዳር ቆሟል። ነገ መንገድ ስለሚዘጋ ቸኩለዋል።

«ልትሰናበትዎት ነው» አለ ኢድሪስ።

አፓ አልለመነችውም። «ቀን ጠየቅኸኝ፣ ቀን ሰጠሁህ። ቀኑ ዛሬ ነው» አለችው።

«አፓ፣ ነገ ፖሊስ መጥቶ ቢበትናችሁስ? ይኼ ግቢ ነው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ለዚህ ብዬ የእንጀራ በር ልዝጋባት?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ሞተር ብስክሌት እየጮኸ ግቢው ደጃፍ ላይ ቆመ። የወረዳው መልእክተኛ ነው። አፓን አስፈርሞ ማኅተም ያለበት ፖስታ ሰጣት፤ ለመሄድም አልቸኮለም፣ ከበሩ ቆሞ ልጆቹን ይቆጥር ጀመር። ያ ፖስታ በኋላ የአንድ ዓመት የደመወዝ ጭማሪዋን አስቀርቶባታል። እሷ ስትጸጸት ሰምቻት አላውቅም፤ የተናደድኩት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬም ንዴቱ አልበረደልኝም።

አፓ ፖስታውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ለሺውሊ ዘረጋችላት።

«ዛሬ የምንጀምረው በንባብ ነው» አለች። «ቁሚና ጮክ ብለሽ አንብቢልን።»

ኢድሪስ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ወደኋላ የሚል ሰው ነው። ከመንግሥት ቤት አንዳች ነገር በመጣበት ቁጥር ሻይ ቤቴ ይዞት መጥቶ የሚያነብለት ሰው ይለምናል፤ ያነበበለት ሰው የነገረውን ማመን ነው ዕጣው። አሁንም አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ሺውሊ ፖስታውን ቀደደች።

«ለወይዘሮ ኮሂኑር አክተር። የወጣውን መ... መመ...»

«መመሪያ። ቀጥዪ።»

«መመሪያ በመተላለፍ፣ ተማሪዎችን ያለ ፈቃድ ሰብስበው በማስተማርዎ፣ በሕግ አግ... አግባብ እርምጃ የማይወሰድብዎት ለምን እንደሆነ፣ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ እናሳስባለን።»

ኢድሪስ ወደ ልጁ ቀረበ። አፓንም ሆነ እኔን ሳይሆን እሷን ጠየቃት።

«ምን ማለት ነው?»

«ለምን አስተማርሽ ነው የሚሏት፣ አባ። በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ጻፊ ነው የሚሏት።»

መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ነፋ። ኢድሪስ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ በረንዳው ጫፍ ላይ አስቀመጠውና ተቀመጠበት።

«መልሱን አንቺ ጻፊላት» አላት። «እኔ የአውራ ጣቴን አሻራ አደርግበታለሁ።»